ደንቡ ተጽፏል፤ ተቋሙስ?



ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ከሚቀርቡት ሐሳቦች አንዱ የጀመዓችንን የቀርድ ሣጥን የሚመለከት ነው። ሣጥኑ እስከ ዛሬ የሚሠራው በሁለት ሰዎችና በአንድ ደብተር ነው። የተቸገረ ተማሪ ይመጣል፣ ይበደራል፣ ሲሞላለት ይመልሳል። አሁን የቀረበው ረቂቅ ግን 42 አንቀጾች፣ ቦርድ፣ ሥራ አስፈጻሚ፣ የውስጥ ኦዲተርና ሦስት ገጽ የማመልከቻ ቅጽ ያሉት ነው። ያረቀቁት ወንድሞችና እህቶች ብዙ ደክመውበታል፤ አላህ ይመንዳቸው። እኔ ግን ረቂቁ እንዳለ መጽደቅ የለበትም ባይ ነኝ። የአንቀጾቹ ብዛት ብቻ አይደለም ያሳሰበኝ። ረቂቁ የተነሣው “ደንብ ከተጻፈ ተቋም ተፈጠረ” ከሚል እምነት ነው፤ ይህ እምነት ደግሞ በአገራችንም በዓለምም ብዙ ጊዜ ተፈትኗል።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለን ኢኮኖሚክስም ሶሻል አንትሮፖሎጂም ወስደናል። አንዱ ስለ ገበያ፣ ሌላው ስለ ጋብቻና ሽምግልና ያወራ ነበር። ከሥር የሚጠይቁት ግን አንድ ነገር ነው፤ ሰዎች ፖሊስ አጠገባቸው ባይቆምም ለምን ከእነርሱ የሚጠበቀውን ያደርጋሉ? መልሱ በየትምህርት ክፍሉ ይለያያል። ሁሉም መልስ ደግሞ ለሣጥናችን እኩል አይጠቅምም።

በቃሉ እንጀምር። በአማርኛ “ተቋም” ስንል ብዙ ጊዜ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ሕንፃ፣ ማኅተምና ጽሕፈት ቤት ነው። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ታሪክ ምሁር ዳግላስ ኖርዝ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ለያይቶ አስቀመጠው፤ ተቋም ማለት የጨዋታው ሕግ ነው፣ ድርጅት ማለት ተጫዋቹ ነው። ሕጉ ግልጽ ከሆነ ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር ይገበያያል፣ የመጠራጠር ወጪው ይቀንሳል። ኖርዝ እ.ኤ.አ. በ1993 ኖቤል ሲሸለም ይህ አስተሳሰብ ትልቅ ድርሻ ነበረው።

ይህን ዓይን ማቃለል አልፈልግም። እኛ የምንኖረው በቡና አገር ነው፤ የሕግ ለውጥ ምን እንደሚያደርግ በቡና ማየት ይቻላል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሲቋቋም የታሰበው ልክ ይኸው ነበር፤ ደረጃ፣ መጋዘን፣ ክፍያና ዋጋ በአንድ ሕግ ቢገዙ የዲላ ነጋዴም ሆነ የአዲስ አበባ ላኪ አይታለልም። ክፍያው በእርግጥ የተሻለ አስተማማኝ ሆነ። ነገር ግን ቡናው በደረጃ ሲደባለቅ የይርጋጨፌው ገበሬ ከየትኛው ቀበሌና ከየትኛው ማጠቢያ ጣቢያ እንደመጣ የሚለየው ስም ጠፋ። የውጭ ገዢ ደግሞ ብዙ ገንዘብ የሚከፍለው ለዚያ ስም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 የተቋቋመው የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየንን የመሳሰሉት በቀጥታ ወደ ውጭ የመላክ መንገድ ስለነበራቸው ስማቸውን አላጡም። በኋላ የግብይት ሥርዓቱ ሲሻሻል መነሻውን ለይቶ የመሸጥ በር ለሌላውም ተከፈተ። ሕግ ኃይል አለው። የመሬት አዋጁ በየካቲት 1967 ዓ.ም. ባይወጣ ኖሮ ዛሬ እዚህ ዞን ውስጥ የስንቱ ተማሪ አባት ጭሰኛ በሆነ ነበር።

ችግሩ የሚመጣው ሕጉን ብቻ ስናይ ነው። ሲቪል ምሕንድስና የምንማር ሁለት ዓይነት ሥዕል እናውቃለን። አንዱ ከግንባታው በፊት የሚሣለው የዲዛይን ሥዕል ነው። ሌላው ግንባታው ካለቀ በኋላ በትክክል የተሠራውን የሚያሳየው ነው፤ የት ምሰሶ እንደተዛወረ፣ የት ቱቦ እንደተጠመዘዘ። ሕንፃውን ለመጠገን የሚገባ ሰው በመጀመሪያው ብቻ ተማምኖ ግድግዳ ቢቦረቡር ውሃ ሊያፈነዳ ይችላል። ስለ ተቋም የሚጻፉ ብዙ ጽሑፎች የሚያነቡት የዲዛይኑን ሥዕል ነው።

የአገራችን ትልቁ ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይመስለኛል። ያረቀቀው ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነው፤ ረቂቁም በፈረንሳይኛ ተጽፎ ነው የተተረጎመው። በአንቀጽ 3347 ሕጉ በሚሸፍናቸው ጉዳዮች ላይ ከዚያ በፊት ይሠራባቸው የነበሩ ደንቦች፣ የተጻፉም ይሁኑ የልማድ፣ ተሽረዋል አለ። በአንድ አንቀጽ! በዚያው ዓመት የጌዴኦ ቡና ገበሬዎች በባለርስቶች ላይ ተነሥተው ደም ፈሰሰ። ስለ ንብረትና ስለ ውል እጅግ ዘመናዊ የሆነ መጽሐፍ አዲስ አበባ ላይ እየታተመ፣ እዚህ መሬት ላይ የነበረው ግንኙነት ግን ግብርና ጭሰኝነት ነበር።

የተሻሩት ደንቦችስ ጠፉ? ዕድር አልጠፋም። ዕቁብ አልጠፋም። የጌዴኦ ሶንጎ መሰብሰቡን አላቆመም። የቃዲ ፍርድ ቤቶች በ1936 ዓ.ም. አዋጅ የነበራቸው ቦታ በአዲሱ ሕግ ውስጥ ቢደበዝዝም፣ አባቶቻችን ለኒካሕ፣ ለፍቺና ለውርስ ወደ ቃዲ መሄዳቸውን አልተዉም። ሕጉ ራሱ ቆይቶ ወደ እነርሱ መጣ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ለሃይማኖትና ለባህል ፍርድ ቤቶች በር ከፈተ፣ አዋጅ ቁጥር 188/1992 ደግሞ የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን አጠናከረ። ለኖርዝ ፍትሐዊ ለመሆን፣ እሱም ይህን ያውቃል። የተጻፈ ሕግ በአንድ ሌሊት ይለወጣል፣ ልማድ ግን እንዲያ አይለወጥም ብሎ እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ጽፏል። እኛ ጋ ሲደርስ የሚጠቀሰው ግን የመጀመሪያው ግማሽ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ዓይን የሶሲዮሎጂስቶቹ ነው። እነዚህ የሚጠይቁት ጥያቄ ትንሽ ያስቃል፤ ያሳፍራልም። ድርጅቶች ሥራቸው የተለያየ ሆኖ ሳለ ለምን መልካቸው አንድ ይሆናል? ጆን ሜየርና ብራያን ሮዋን እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጡት ጽሑፍ፣ ብዙ ድርጅት መዋቅር የሚያበጀው ሥራ እንዲቀለው ሳይሆን “ትክክለኛ ድርጅት” ተብሎ እንዲታይ ነው አሉ። መዋቅሩ በወረቀት ይቀመጣል፣ ሥራው በሌላ መንገድ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1983 ደግሞ ፖል ዲማጂዮና ዋልተር ፓወል መመሳሰሉ በሦስት መንገድ እንደሚመጣ ጻፉ፤ የበላይ አካል ሲያስገድድ፣ ግራ የተጋባ ድርጅት የተሳካለትን ሲኮርጅ፣ አንድ ዓይነት ትምህርት የወሰዱ ባለሙያዎች በየድርጅቱ ሲሰራጩ።

ይህን ለመረዳት መድረሳም የመንግሥት ትምህርት ቤትም የተማረ ሰው መጽሐፍ አያስፈልገውም። በመንግሥት ትምህርት ቤት የስም መጥሪያ፣ የትምህርት ዕቅድ፣ የሱፐርቪዥን ቅጽና የምስክር ወረቀት አለ። ኢንስፔክሽን ሲመጣ ሁሉም ተሟልቶ ይገኛል፤ ክፍሉ ውስጥ ትምህርት መኖር አለመኖሩን ግን ቅጹ አይጠይቅም። እኔ በተማርኩበት መድረሳ መጥሪያ አልነበረም። ኡስታዙ ማን እንደቀረ በድምፅ ያውቃል፤ ከሰላሳ ልጅ መሐል የጎደለውን ድምፅ ይለያል። ቁርኣኑን ያስኬደ ልጅ ከሥሩ ላለው ያስቀራል። ሰርተፍኬት የለም፤ ግን ሐፍዞ የወጣ ልጅ የትኛውም መስጂድ ቢሄድ አፉን ሲከፍት ይታወቃል። (ዛሬ መድረሳዎቻችንም መጥሪያና ሰርተፍኬት እያበጁ ነው። ክፉ ነው አልልም። ድምፅ የሚለይ ኡስታዝ በመጥሪያው እንዳይተካ ግን እሰጋለሁ።)

ሌላው ምሳሌ ከወለድ ነፃ ባንክ ነው። ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በአገራችን የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ባንክ ነበር፤ ሁላችንም ደስ ብሎናል። በሌሎች አገሮች ቀድመው የተቋቋሙት እስላማዊ ባንኮች ግን አንድ ነገር ያስተምሩናል። የሐሳቡ ጀማሪዎች የተመኙት ትርፍና ኪሳራ መጋራትን፣ ሙዷረባንና ሙሻረካን ነበር። በተግባር የገነነው ግን ሙራበሓ፣ ማለትም ዕቃ ገዝቶ ትርፍ ጨምሮ በዱቤ መሸጥ ሆነ። ሦስቱ ኃይሎች ሁሉ አሉበት። ማዕከላዊ ባንኩ ለሁሉም ባንክ በአንድ መስፈሪያ ይለካል። አዲሱ ባንክ ደንበኛ እንዳይሸሸው የጎረቤቱን አገልግሎት ይኮርጃል። ሠራተኞቹም ብዙዎቹ ከመደበኛ ባንክ የመጡ ናቸው። ማንም ተንኮል አላሰበም፤ ሙራበሓም በሸርጡ ከተፈጸመ ሐላል ነው። ሆኖም የተሣለው ሥዕልና የተሠራው ሕንፃ ተራራቁ። የእኛም ባንኮች በዚህ መንገድ ይሂዱ አይሂዱ በጊዜው ይታያል።

ረቂቅ ደንባችንን ሳነብ የታየኝ ይኸው ነው። አንቀጾቹ የብድርና ቁጠባ ተቋም ደንብ ይመስላሉ፤ “ቦርድ” የሚለው ቃል ብቻ 19 ጊዜ አለ። ሥራው ግን የታመመ የክፍል ጓደኛን ትራንስፖርት ከፍሎ ቤቱ ማድረስ ነው።

ይህ ሁለተኛው ዓይን የራሱ አደጋ አለው። ሁሉን ነገር “ለታይታ ነው” ማለት ያስለምዳል። እንዲህ የሚል ሰው ብልህ ይመስላል፤ ምንም ግን አይሠራም። በየስብሰባው ጥግ ይዞ የሚፈግግ ሰው ሁሉም ጀመዓ ውስጥ አይጠፋም።

ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመን ሦስተኛው ይመስለኛል፤ የኤሊኖር ኦስትሮም። ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 የጋራ ግጦሽ መጨረሻው መራቆት ነው፣ ወይ መንግሥት ይያዘው ወይ ለግለሰብ ይከፋፈል የሚል መከራከሪያ አቅርቦ ነበር። ኦስትሮም መከራከሪያውን ወንበር ላይ ተቀምጣ አልመለሰችም። በስዊዘርላንድና በጃፓን ተራሮች፣ በስፔንና በፊሊፒንስ የመስኖ ቦዮች፣ በቱርክ የዓሣ አጥማጆች ዘንድ ሰዎች በትክክል ምን እንደሚያደርጉ መረመረች። ለመቶ ዓመታት የጸኑትን ከፈረሱት ጋር አነጻጽራ ስምንት የጋራ ጠባዮች አወጣች። አባሉ ማን እንደሆነ ይታወቃል። ደንቡ ከቦታው ሁኔታ ጋር ይገጥማል። በደንቡ የሚኖሩት ሰዎች ደንቡን የመለወጥ ድምፅ አላቸው። የሚቆጣጠረው ከራሳቸው መሐል ነው። ቅጣቱ በትንሹ ጀምሮ ከፍ ይላል። ጠብ በቅርብና በርካሽ ይዳኛል። የተቀሩት ሁለቱ ከውጭ መንግሥት ጋር ስላለው ግንኙነትና ትናንሽ ማኅበራት በትላልቆቹ ሥር ስለሚደራጁበት መንገድ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

ዕድራችሁን አስቡ። ለቀብር የዘገየ ጥቂት ብር ይቀጣል፣ የደጋገመ ይጨመርበታል፣ ያላረመ ይሰረዛል። ዕቁብ ላይ ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው ዋስ ካልጠራ ገንዘቡን አይወስድም። ዳኛውም ጸሐፊውም ከዕቁብተኛው መሐል ናቸው። የኦስትሮምን መጽሐፍ ያነበበ የዕቁብ ዳኛ አላጋጠመኝም።

ከዲላ ወጣ ብላችሁ ወደ ወናጎና ይርጋጨፌ የሄዳችሁ ደግሞ ከመኪናው መስኮት ያያችሁት አለ። ትልልቅ ነባር ዛፎች፣ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ ጋር ቡና፤ ቀና ባለ ቁልቁለት ላይ፣ በአገሪቱ ካሉ ጥቅጥቅ ብለው ከሰፈሩ የገጠር ሕዝቦች በአንዱ መካከል። እንዲህ ያለ ቁልቁለት በሌላ ቦታ ቢሆን አፈሩ ከታጠበ ቆይቷል። ዶክተር ታደሰ ኪጴ እ.ኤ.አ. በ2002 ስለ ጌዴኦ የመሬት አጠቃቀም ባወጡት ጥናት ርዕስ ላይ “አምስት ሺህ ዓመት” የሚል ዘላቂነትን አንሥተው መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት አደረጉ። የጥያቄ ምልክቷን እወዳታለሁ። ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ ባደረገው ጉባኤ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ የመዘገበው ዛፍና ትክል ድንጋይ ብቻ አይደለም። ዛፉን ያቆየው የባሌ ሥርዓት ነው፤ በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው የሚተላለፍበት፣ ከአባ ገዳው እስከ መንደር ሽማግሌዎች ደረጃ ያለው፣ ነገር በሶንጎ የሚፈታበት። ስለ ዛፍና ስለ ድንበር ጠብ ሲነሣ ጎረቤት በጎረቤት ፊት ይናገራል። ከጎረቤቱ ጋር ደግሞ ነገም አብሮ ይኖራል። ቅጣቱን ከባድ የሚያደርገው ይህ ነው።

አንዳንድ ወንድም “ከባህል እምነት ምን እንማራለን?” ሊል ይችላል። ከሥርዓቱ ጋር የተያያዘው አምልኮ የእኛ አይደለም፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ግን ከሸሪዓ ጋር እስካልተጋጨ ድረስ ዑርፍ በፍርድ ውስጥ ቦታ እንዳለው የፊቅህ ቀዋዒድ የቀራ ሁሉ ያውቃል። አሠራርን ማጥናት እምነትን መቀበል አይደለም።

ሶንጎንም ቢሆን ማሞገስ ብቻ አይበቃም። በሶንጎ የሚወስኑት በአብዛኛው ወንዶችና ሽማግሌዎች ናቸው። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በጉጂ መካከል በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች ሲፈናቀሉ፣ ሁለቱ ሕዝቦች ለዘመናት የሚታረቁበት የጎንዶሮ ሥርዓት እያለ ነበር። ሽማግሌዎች ሞክረዋል። የግጭቱ ምንጭ ግን ስለ አስተዳደርና ስለ ወሰን በላይ የሚወሰን ነገርም ነበረበት፤ ያን ደግሞ ዕርቅ ብቻውን አይሸከመውም። የኦስትሮም ተከታዮች ስለ ሥልጣን የሚሉት ነገር ጥቂት ነው የሚለው ትችት እዚህ ላይ ይሠራል። ምሰሶው ጥሩ ሆኖ ጭነቱ ከታሰበው ሲበልጥ ይሰበራል።

ሪቻርድ ስኮት የተባለው ሶሲዮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1995 እነዚህን ዓይኖች ለማገናኘት ተቋም በሦስት ምሰሶ ይቆማል ብሏል፤ በሕግ፣ በ“ይገባል” ስሜት፣ እና ሰው ሳያስበው በሚቀበለው ነገር። እንደ ማረጋገጫ ዝርዝር ጥሩ ነው። የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትን በዚህ እዩት። መጅሊሱ ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ ቢኖርም በአዋጅ የሕግ ሰውነት ያገኘው በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1207 ነው። የመጀመሪያው ምሰሶ ቆመ፤ ለዘመናት የተጠየቀ፣ ትልቅ ነገር ነው። የአመራሩ ውዝግብ ግን ከአዋጁ በኋላም እስከ ሐምሌ 2014ቱ ጉባኤ ድረስ ቀጥሏል። ምእመኑ “ይህ የኔ ነው፣ የመረጥኩት እኔ ነኝ” የሚለው ነገር በነጋሪት ጋዜጣ አይታተምም።

ወደ ሣጥናችን ልመለስ። ረቂቁን የሚደግፉ ወገኖች ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው። ገንዘብ አደራ ነው፤ ያለ ጽሑፍ አደራ ለሐሜት በር ይከፍታል። አላህም በሱረቱል በቀራ ውስጥ በቁርኣን ረጅሙ በሆነው አያ ዕዳን እንድንጽፍ አዞናል። ልክ ናቸው። ግን አያው የሚያዘውን ነገር ልብ እንበል፤ ፍትሐዊ ጸሐፊ፣ ምስክሮች፣ የሚያስጽፈውም ራሱ ተበዳሪው እንዲሆን። ሁሉም ሰዎች ፊት ለፊት የሚያደርጉት ተግባር ነው። ሁለት አያ ቀደም ብሎ ደግሞ ተበዳሪው ከተቸገረ እስኪሞላለት ማቆየት ተጠቅሷል። በረቂቁ አንቀጽ 27 ብድር በ60 ቀን ካልተመለሰ ስም በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፋል ይላል። ይህን ከየት እንዳመጣነው ያረቀቁት ቢያስረዱን ደስ ይለኛል።

60 ቀን ለምን? ከእኛ ብዙዎቻችን የቡና ገበሬ ልጆች ነን። ገንዘብ ቤት የሚገባው ቀይ እሸት ሲለቀም፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። የሚጠፋው ደግሞ ክረምቱ ሊያልቅ ሲል፣ ልክ ምዝገባ ሲደርስ ነው። መስከረም የተበደረ ልጅ ኅዳር ላይ መክፈል ላይችል ይችላል፤ ጥር ላይ ግን ሳይጠየቅ ይከፍላል። ደብተሩን አገላብጬ ያየሁትም ይህንን ነው። የሁለቱ ገንዘብ ያዦች አሠራር፣ ማንም ሳያጸድቀው፣ ከቡናው ጋር ገጥሟል።

ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው ይህ ነው። 42ቱ አንቀጾች ይቆዩ። በቅድሚያ የአሁኑ አሠራር እንዳለ ይጻፍ፤ ማን ይበደራል፣ ማን ይወስናል፣ የዘገየ ሰው ምን ይባላል። ከሁለት ገጽ አይበልጥም። በእርሱ ላይ ጥቂት ነገር ይጨመር። ተበዳሪው ከዶርሙ ወይም ከክፍሉ አንድ ዋስ ይጥራ። የመክፈያው ጊዜ ከቤተሰቡ ገቢ ጋር ይታይ። ለዘገየ መጀመሪያ ዋሱ ያስታውሰው፣ ከዚያ አሚሩ ለብቻው ያናግረው፤ በሰሌዳ መለጠፍ ይቅር። ደብተሩ በየሁለት ወሩ ከእህቶች አንዷና ከወንድሞች አንዱ ባሉበት ይቆጠር፤ እስከ አሁን ከሚበደሩት መሐል እህቶች ጥቂት የሆኑት የሚያዩትና የሚወስኑት ወንዶች ብቻ ስለሆኑ ይመስለኛል።

ዋናው ጉዳይ ግን ርክክቡ ነው። ኢብን ኸልዱን የአንድን ቤት ክብር በአራት ትውልድ ሲያልቅ ቆጥሮታል፤ የኛ ትውልድ በካምፓስ አራት ወይም አምስት ዓመት ነው፣ አመራር ላይ የምንቆየውም አንድ ዓመት። ባሌ በየስምንት ዓመቱ ሲያስተላልፍ ተረካቢው ለዓመታት ሲያይ ቆይቶ ነው። የኛ ገንዘብ ያዥ ግን ቁልፉን በምረቃ ማግስት ሰጥቶ ይሄዳል። ተተኪው ከአንድ ሴሚስተር በፊት ተመርጦ ከጎኑ ይቀመጥ፤ ተበዳሪዎቹን በስም ይወቅ፣ ማን ለምን እንደዘገየ ይስማ። ይህ አንቀጽ በረቂቁ ውስጥ የለም። በዚህ ሴሚስተር የሚመረቁት ሁለቱ ገንዘብ ያዦች እስኪሄዱ የቀሩን አሥራ አንድ ሳምንታት ናቸው።